ሽቦ አልባ መረብ በመኖሪያ ቤት፦ አመራረጡና አጠባበቁ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦቼ ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድና ስለ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር አስረድተውናል። እኔ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ግን በሳሎን መደርደሪያ ላይ ስለምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው፤ ይህችውም በልማድ ራውተር የምንላት ናት። ርእሱ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ያነሰ መስሎ የሚታየው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከመካከላችን «አንተ መሐንዲስ ነህና የትኛውን ልግዛ?» ተብሎ በዘመድ ወይም በጎረቤት ያልተጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሕንፃ መሐንዲሱም ይጠየቃል፤ የመካኒክ መሐንዲሱም ይጠየቃል፤ ሁላችንም መልስ እንሰጣለን። መልሳችን በሰው ቤት ያስከተለውን ነገር ግን ብዙዎቻችን ተመልሰን አንጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። የዛሬው ንግግሬ የሚነሣውም ከዚሁ ጥፋቴ ነው።

በአዳሚ ቱሉ የሆነው ነገር

አዳሚ ቱሉ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ አለፍ ብላ የምትገኝ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። የግብርና ምርምር ማእከሏና የፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካዋ ከአካባቢው ውጭም አሳውቀዋታል። አክስቴ በዚያች ከተማ በሽንኩርትና በቲማቲም ንግድ ይተዳደራሉ። ግቢያቸው ከፊት በብሎኬት የተሠራ ዋና ቤት፣ ከጓሮ በጭቃ የተመረገ ወጥ ቤት፣ በስተጎን ደግሞ የሚከራዩ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። የሁሉም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አክስቴ የአዲስ አበባን የገበያ ዋጋ ከደላላ አፍ ከመስማት ይልቅ በስልካቸው ለማየት ቢፈልጉ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት አንድ ራውተር ገዝቼ ወሰድሁላቸው። አቦሉ ሲቀዳ ሥራውን ጀምሬ በረካው ሳይደርስ ጨረስሁ። እንዳይረሱት ብዬ የመረቡን የይለፍ ቃል የራሳቸውን ስልክ ቁጥር አደረግሁት። የራውተሩን የውስጥ መቆጣጠሪያ የሚከፍተውን ስምና ምስጢራዊ ቃል ግን ፋብሪካው እንደሰጠው ተውሁት። ቴሌቪዥኑ ሠራ፤ ስልኮቹ ሁሉ ሠሩ፤ ተመረቅሁ፤ ወደ ሥራዬም ተመለስሁ።

ባለፈው ዓመት ነገሩ ተለወጠ። ለወር የተገዛው ጥቅል በዐሥረኛው ቀን ማለቅ ጀመረ። አንድ ገጽ ሲከፈት ደግሞ ያልተጠራ ሌላ ገጽ ይመጣና «ሽልማት ደርሶዎታል» እያለ ስልክ ቁጥርና ምስጢራዊ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። አንድ ምሽት አክስቴ ምስጢራዊ ቁጥራቸውን መጻፍ እንደጀመሩ ልጃቸው ደርሳ ስልኩን ከእጃቸው ነጠቀች። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንደ አክስቴ ያለ ነጋዴ የዕለት ገቢው በመቀነት መታሰሩ ቀርቶ በስልክ ውስጥ እንደሚያድር ታውቃላችሁ። የዚያን ምሽት ሊጠፋ የነበረው አንድ ጭነት የሽንኩርት ዋጋ ነበር።

ገንዘቡ ባይጠፋም ሌላ ነገር ሊጠፋ ቀረበ። ከተከራዮቹ አንዱ የቴክኒክ ትምህርት የሚከታተል፣ የጎረቤት ስልክ ሲበላሽም የሚጠግን ወጣት ነበር። «በዚህ ግቢ ነገሩን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያደረገውም እርሱ ነው» ተባለ። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን እንዲለቅም ተነገረው። እኔ የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው።

የራውተሩን መቆጣጠሪያ ብከፍተው የቤተ ሰቡ መሣሪያዎች ዘጠኝ ሆነው ሳለ የተመዘገቡት ሃያ አንድ ሆኑብኝ። የስም ማውጫው አድራሻ ወደማላውቀው ቁጥር ተለውጧል። የመቆጣጠሪያው ምስጢራዊ ቃል ግን እኔ እንደተውሁት የፋብሪካው ነበር። ማን እንደለወጠው ለማወቅ መዝገቡን ብመረምር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሰረዝ በመሆኑ ምንም አላገኘሁበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ «ስዊቸር» ብሎ ስለሰየመው ተንኮለኛ ፕሮግራም አስታውቆ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ፣ ስልኩ ከአንድ ሽቦ አልባ መረብ ጋር ሲገናኝ ራውተሩን በፋብሪካው የይለፍ ቃል እየሞከረ ይከፍትና የስም ማውጫውን አድራሻ ይለውጣል። የስልኩ ባለቤት ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም። በአክስቴ ቤት የሆነው ይህ ነው ብዬ መመስከር አልችልም፤ ሊሆን እንደሚችል ግን አውቃለሁ። ለቡና የመጣ እንግዳ፣ ጭነት የሚያመጣ ሾፌር ወይም ዘመድ ስልክ ሊሆን ይችላል። ያ ወጣት ነው ለማለት ግን አንዳች ማስረጃ አልነበረም።

ይህን ሳስረዳቸው አክስቴ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ነገር ከቤቴ ያስገባኸው አንተ ነህ። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በተከራዩ ፊት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ ወጣቱም በክፍሉ ቆየ።

የራውተሩ አራት ሥራዎች

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት የምንመርጠውን ነገር እንወቅ። በሣጥኒቱ ውስጥ አራት ሠራተኞች አሉ ብል ነገሩ ይቀልላል። አንደኛው ከውጭ የሚመጣውን መስመር፣ የብርሃን ገመድም ይሁን የመዳብ ሽቦ ወይም የሲም ካርድ፣ የሚቀበል ነው። ሁለተኛው የመጣውን በሬዲዮ ሞገድ ለቤቱ የሚያዳርስ ነው። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ መሣሪያ የውስጥ አድራሻ እየሰጠ ገቢና ወጪ መልእክቱን የሚያከፋፍል ነው። አራተኛው፣ በስም የተጠራው ገጽ በየትኛው የቁጥር አድራሻ እንደሚገኝ የሚነግረው ማውጫ የት እንደሚጠየቅ ለመሣሪያዎቹ ያመለክታል፤ ይህ ማውጫ በሙያው አጠራር ዲ ኤን ኤስ ይባላል።

በአክስቴ ቤት የተነካው አራተኛው ነው። ያን የለወጠው በር አልሰበረም፤ መንገድ ለሚጠይቅ እንግዳ የተሳሳተ አቅጣጫ የሚያመለክት ሰው በመንታ መንገድ ላይ አቆመ እንጂ። እርግጥ ነው፤ የባንክና የገንዘብ ድርጅቶች ገጾች በምስጠራ የሚጠበቁ በመሆናቸው ስልኩ የሐሰቱን ገጽ ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ነገር ግን የሽልማት ወሬ የሚያመጣ ገጽ የማንንም ስም መያዝ አያስፈልገውም፤ ማስጠንቀቂያውንም በችኮላ አልፎ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

ስለ አመራረጥ

ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ፍጥነትን ነው፤ በሣጥኑ ላይም በትልቁ የሚጻፈው እርሱ ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው መስመር በሰኮንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ 1,200 ሜጋቢት የተጻፈበት ራውተር ከውጭ የሚመጣውን አንዲት ቢት አይጨምርለትም። ስለዚህ ፍጥነትን ወደ ኋላ አድርገን አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛው መስመሩ ነው። የብርሃን ገመድ በደረሰበት ሰፈር ያለ ሰው ለእርሱ የተዘጋጀውን፣ ነባር የመዳብ ስልክ መስመር ያለው ለዚያ የሚሆነውን መያዝ አለበት። በሲም ካርድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ያረጋግጥ፦ ራውተሩ የአገራችን ድርጅቶች በሚሠሩበት ሞገድ የሚሠራ መሆኑንና ለአንድ የውጭ አገር ድርጅት ብቻ ተቆልፎ የመጣ አለመሆኑን። ከዘመድ በስጦታ ከውጭ የሚላኩ ራውተሮች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ገንዘብ ሳይከፈል የራስን ሲም ካርድ አስገብቶ በሱቁ ውስጥ መሞከር።

ሁለተኛው ግድግዳው ነው። ሽቦ አልባው የቤት መረብ በአብዛኛው የሚሠራው በሁለት ሞገዶች፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ በኩል የሚላከው ሰፊና ፈጣን ቢሆንም በአንድ ዓይነት ርቀትና በአንድ ዓይነት አንቴና የሚደርሰው ኃይል በ2.4 ከሚደርሰው በሰባት ዴሲቤል ገደማ ያንሳል፤ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ማለት ነው። ግድግዳም ይበልጥ ይከብደዋል። 2.4 ርቆ ይሄዳል፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት መስመሮቹ ሦስት ብቻ፣ ይኸውም 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የጎረቤት ራውተር፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም ሳይቀር በዚሁ ሞገድ ይጋፋሉ። ስለዚህ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው መሣሪያዎች ለሚገኙበት ቤት ሁለቱንም ሞገዶች የሚይዝ ራውተር ያስፈልጋል።

ቆርቆሮን በሚመለከት ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ብሎኬትና ጭቃ ሞገዱን ያደክሙታል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የብረት መዝጊያ፣ ውኃ የሞላ ሮቶ ከኋላቸው ላለው ክፍል ጥላ ናቸው። ይህን በጠንካራ ራውተር ለማሸነፍ መሞከር ድካም ነው፤ ምክንያቱም ራውተሩ ቢጮህ እንኳ የስልኩ ድምፅ ተመልሶ አይሰማውም። መፍትሔው እስከ 100 ሜትር በሚደርስ ገመድ ሁለተኛ የሬዲዮ ማሰራጫ ከጥላው ማዶ ማቆም ነው። ገመዱ በሁለት ቤቶች መካከል ከሆነ በቱቦ ይቀበር፤ የመብረቅም ነገር ይታሰብበት።

ሦስተኛው የመሣሪያዎቹ ዕድሜ ነው። የመጀመሪያው የዚህ ሬዲዮ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ በሰኮንድ 2 ሜጋቢት ነበር። በ1999 ወደ 11፣ በ2003 ወደ 54 ሜጋቢት ደረሰ። ከዚያም በ2009፣ በ2013 እና በ2021 የወጡት ደንቦች ዛሬ ዋይ ፋይ 4፣ 5 እና 6 እየተባሉ ይጠራሉ። በአንድ አየር ላይ ግን ሁሉም በተራ ነው የሚናገሩት። 1,500 ባይት የሚይዝ አንድ እሽግ በ54 ሜጋቢት ፍጥነት ሲላክ አየሩን ለሩብ ሚሊ ሰኮንድ እንኳ አይዝም፤ በ1 ሜጋቢት ሲላክ ግን 12 ሚሊ ሰኮንድ ይይዛል። አንድ ያረጀ ወይም በሩቅ ጥግ የተቀመጠ መሣሪያ ሲናገር ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል ማለት ነው። ዛሬ ለአንድ ቤተ ሰብ ዋይ ፋይ 5 ወይም 6 ይበቃል። ከዚህ በላይ ያለውን መግዛት ስልኮቹ እስካልተለወጡ ድረስ ፋይዳው ጥቂት ነው።

አራተኛው ሙቀትና መብራት ነው። በርካታ የቤት ራውተሮች እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር፣ በበጋ ቀትር፣ ከጣሪያው አጠገብ ያለው አየር ይህን ሊያልፍ ይችላል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚያጥር ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ባለሙያዎቹ ያውቁታል። ስለዚህ ራውተር በቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከጣሪያ ሥር አይሰቀልም፤ በሰው ቁመት ልክ፣ በውስጠኛ ግድግዳ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋም ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል የሚሠሩ ናቸው። 8 ዋት የሚበላ ራውተር 37 ዋት ሰዓት ከሚይዝ ትንሽ ባትሪ ጋር ቢገናኝ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ያገለግላል።

አምስተኛውና ዋነኛው ዋስትናው ነው። ራውተር ኮምፒዩተር ነው፤ በውስጡም ፈርምዌር የተባለ ፕሮግራም አለ። በየጊዜው ቀዳዳ ይገኝበታል፤ አምራቹም ማሻሻያ እያወጣ ይደፍነዋል፤ አንድ ቀን ግን ማሻሻያው ይቆማል። ከዚያ ቀን በኋላ ራውተሩ መብራቱ እየበራ፣ ሥራውንም እየሠራ፣ እንደ ዘብ ግን ሞቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 «ቪ ፒ ኤን ፊልተር» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ከ500,000 በላይ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን ይዞ መገኘቱ ታወቀ። ከተያዙትም መካከል በየሱቁ የምናያቸው ታዋቂ ስሞች ነበሩባቸው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት የሞዴሉን ስም በአምራቹ ገጽ ላይ ፈልገን የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ እንደወጣ እንይ። ሁለትና ሦስት ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ ዋጋው ቢረክስም አይገዛ። በብሪታንያ ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያለው የቤት መሣሪያ እንዳይሸጥና አምራቹም ማሻሻያ የሚሰጥበትን ዘመን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ይህን ጥያቄ እኛም በየሱቁ መጠየቅ እንችላለን፤ ጥያቄ ሲበዛ ሻጩም መልስ ማዘጋጀቱ አይቀርም።

ስለ አጠባበቅ

የሬዲዮ ሞገድ አጥር አያውቅም። የአክስቴን የቁልቋል አጥር ፍየል አይዘልለውም፤ ሞገዱ ግን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። ስለዚህ አጥሩ ምስጠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ምስጠራ፣ ደብሊው ኢ ፒ የተባለው፣ በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ሊቃውንት ድካሙን ከገለጹ በኋላ አጥርነቱ ቀርቷል። በ2004 የመጣው ደብሊው ፒ ኤ 2 ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። በ2017 ቫንሁፍ የተባለ የቤልጅግ ተመራማሪ አንድ ቀዳዳ ቢያሳይበትም በማሻሻያ ተደፍኗል። በ2018 ደብሊው ፒ ኤ 3 ተተካ። የዚህ የኋለኛው ዋና ጥቅሙ ጠላፊው የሰማውን መልእክት ይዞ ሄዶ በቤቱ ሆኖ የይለፍ ቃሉን በመገመት እንዳይደርስበት ማድረጉ ነው። አሮጌ ስልኮች ግን አይቀበሉትም። ስለዚህ በተቀላቀለ ቤት ሁለቱን በአንድነት የሚያስተናግደው ምርጫ ይወሰዳል።

ቁልፉን በሚመለከት ያጠፋሁትን በቁጥር ላሳያችሁ። ስልክ ቁጥር ዐሥር አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የታወቁ ናቸው፤ የቀሩት ስምንቱ የሚሰጡት 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። በደብሊው ፒ ኤ 2 ላይ በሰኮንድ 500,000 ግምት የሚሞክር አንድ ዘመናዊ የኮምፒዩተር ካርድ ይህን ሁሉ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በአንጻሩ ከ2,000 የተለመዱ ቃላት ውስጥ አምስቱ በዕጣ ቢወጡና በላቲን ፊደል ተከታትለው ቢጻፉ፣ ያው ካርድ ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። «በሬ ጨረቃ ማንኪያ ዝናብ ሰኞ» ዓይነት ነገር ለሰው ቀላል፣ ለመኪና ከባድ ነው። ዕጣ መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ ሰው በራሱ ከመረጠ የልጆቹን ስም ይመርጣልና።

የጥበቃውን ሥራ በቅደም ተከተል እንዲህ ልዘርዝር።

፩ኛ. የመቆጣጠሪያው ምስጢራዊ ቃል ይለወጥ፤ ከመረቡ የይለፍ ቃልም የተለየ ይሁን። ሁለተኛው የቤቱን በር፣ የመጀመሪያው የመዝጊያውን ሠራተኛ የሚያዝዝ ነውና።

፪ኛ. ፈርምዌሩ ይታደስ፤ በራሱ የሚታደስ ከሆነም ይፈቀድለት።

፫ኛ. ምስጠራው ከደብሊው ፒ ኤ 2 በታች አይሁን፤ የይለፍ ቃሉም ከላይ እንደተገለጸው ይሁን።

፬ኛ. ደብሊው ፒ ኤስ የተባለው፣ በስምንት አሃዝ ቁጥር የሚያገናኘው ዘዴ ይዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደተገለጠው፣ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ የሚመረመር በመሆኑ 11,000 ሙከራ ብቻ ይበቃዋል። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ለማዘዝ የሚፈቅደውም ምርጫ አብሮ ይዘጋ።

፭ኛ. ለእንግዳ፣ ለተከራይ፣ ለቴሌቪዥንና ለካሜራ የተለየ የእንግዳ መረብ ይከፈት።

፮ኛ. በወር አንድ ጊዜ የተመዘገቡት መሣሪያዎችና የስም ማውጫው አድራሻ ይታዩ።

የመረቡን ስም መደበቅ እንደ ጥበቃ የሚቆጥሩ አሉ። ይህ በር ሳይቆልፉ የቤት ቁጥሩን እንደ መፋቅ ያለ ነው።

አምስተኛውን ነጥብ ማስፋት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ትልቁ ችግር የቴክኒክ ሳይሆን የይሉኝታ ነው። እንግዳ ገብቶ ተቀምጦ፣ ቡና ጠጥቶ፣ «ዋይ ፋያችሁን ስጡኝ» ሲል እምቢ የሚል ማነው? እምቢ እንዲሉም አልመክርም። የእንግዳ መረብ ያለው ቤት ይሉኝታንና ጥንቃቄን አያጋጭም፤ ለእንግዳው ኢንተርኔቱን ይሰጣል፤ ወደ ጓዳ ግን አያስገባም። የጥቅሙን መጠን መገደብ የሚቻልባቸው ራውተሮችም አሉ። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊወስድ እንደሚችል ላሰበ፣ ይህ በጥቅል ለሚጠቀም ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

«አዳሚ ቱሉን የመሰለች ከተማ ድረስ ማን መጥቶ ይሰርቀናል?» የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚሰርቀው መኪና ነው፤ መኪናም የከተማ ስም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው ፕሮግራም ስድሳ ያህል የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ብቻ ይዞ በመላው ዓለም በር እያንኳኳ እልፍ አእላፍ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ያዘ። በጥቅምት ወርም በእነዚሁ አማካይነት ታላላቅ የኢንተርኔት ገጾች ለሰዓታት እንዳይገኙ አደረገ። አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን በወንጀል ይቀጣል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። መዝገብ በሌለበት፣ ቁልፉም የሁሉ በሆነበት ቤት ደግሞ ጥርጣሬ የሚያርፈው ጥፋተኛው ላይ ሳይሆን በቅርብ በተገኘው ላይ ነው።

በአክስቴ ግቢ የተደረገው

ራውተሩ ማሻሻያው የቆመ ሆኖ ስለተገኘ ተለወጠ። አዲሱ በዋናው ቤት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ሰርቪሶቹ በተቀበረ ቱቦ ገመድ ሄዶ ሁለተኛ ማሰራጫ ተተከለ። አምስቱን ቃላት የአክስቴ ልጅ በዕጣ አወጣቻቸው፤ የመቆጣጠሪያው ቃል በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ካርታ ጋር በሣጥን ተቀመጠ። ምስጢራዊ ቃል በወረቀት መጻፉ የሚያስደነግጣችሁ ካላችሁ፣ ከሩቅ የሚመጣ ጠላፊ የአክስቴን ሣጥን እንደማይከፍት አስቡ። ማሻሻያ የማያገኘው አሮጌው የአክስቴ ስልክ ወደ እንግዳ መረቡ ወጣ፤ የገንዘቡም ሥራ ወደ አዲስ ስልክ ተዛወረ። ይህ ሁሉ ያለ ጉድለት አልሆነም። በእንግዳው መረብ ያለው ቴሌቪዥን ከልጆቹ ስልክ ምስል አልቀበል ብሏል፤ ልጆቹም ለዚህ ይወቅሱኛል። ወርኃዊውን ምርመራ የሚያደርገው ያ ተጠርጥሮ የነበረው ወጣት ነው፤ አክስቴ ራሳቸው ጠየቁት።

የርክክብ ጉዳይ

ክቡራንና ክቡራት፤ ድልድይ የሠራ መሐንዲስ የርክክብ ሰነድ ሳይፈርም ከቦታው አይሄድም። ትራንስፎርመር የተከለም እንዲሁ። በዘመዶቻችን ቤት የምንተክለውን ይህን መረብ ግን ያለ ርክክብ ጥለነው እንሄዳለን። በእኔ አስተያየት መረብ ተሠርቶ አለቀ የሚባለው ስልኩ ሲሠራ አይደለም፤ ቁልፉ ለባለቤቱ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ ማንኛችንም በሰው ቤት ራውተር ስንተክል አንዲት ገጽ ወረቀት እንተውለት። በእርሷም ላይ የሞዴሉ ስም፣ የተተከለበት ቀን፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፣ የመቆጣጠሪያው ቁልፍ በማን እጅና በየት እንደሚገኝ፣ በመረቡ የተመዘገቡት መሣሪያዎች ቁጥርና ተመልሰን የምናየው በየትኛው ወር እንደሆነ ይጻፍ። ሥራው የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አይፈጅም። ይህች ወረቀት በአክስቴ ቤት ቀድማ ኖራ ቢሆን ኖሮ፣ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አላጣም ነበር፤ አንድ ንጹሕ ሰውም ዕቃውን ሊጠቀልል ባልተቃረበ ነበር።